ሙት ቁልፍ ምንድን ነው?

በጽሕፈት መኪና ላይ ሲመታ ምልክቱን አትሞ ወረቀቱን ግን የማያራምድ ቁልፍ ሙት ቁልፍ ይባላል። ቀጥሎ የሚመታው ፊደል እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል፤ ሁለቱ ተደራርበው አንድ ሆሄ ይሆናሉ። ስለ ታይፕ ታሪክ ሲወራ የሬሚንግተን ፋብሪካ በ1874 ለገበያ ያወጣው የሾልስና ግሊደን መኪና ይነሣል። በ1878 የወጣው ሁለተኛው ሬሚንግተን በአንድ ቁልፍ ትልቁንም ትንሹንም ፊደል ማተሙም ይነሣል። ሙት ቁልፍን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉት ቋንቋዎች ግን የእሱን ያህል የጠቀመ ማሻሻያ ማግኘት ይከብዳል።

አሠራሩ የሚገባን ሌሎቹ ቁልፎች እንዴት እንደሚራመዱ ካወቅን ነው። ወረቀቱን የያዘው ሠረገላ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይጎተታል፤ የሚጎትተው በመኪናው ጀርባ በክብ ቤት ውስጥ የተጠቀለለ ሞላ ነው፣ በጠባብ ገመድ። እንዳያመልጥ የሚይዙት አንድ ጥርሳም ጎማና ሁለት ምላሶች ናቸው፦ አንዱ ምላስ ቋሚ፣ ሌላው በትንሽ ሞላ ወደ ጎን የሚወዛወዝ። ቁልፍ ሲመታ የፊደሉ ክንድ ይነሣና ከኋላው ያለውን የጋራ ዘንግ ይገፋል። ዘንጉ ምላሶቹን ሲያዘነብል ቋሚው ጥርሱን ይይዛል፣ ተወዛዋዡ ይለቅቃል። ጣት ሲነሣ ቋሚው ይወጣል፣ ተወዛዋዡም የሚቀጥለውን ጥርስ ይቀበላል፤ ሠረገላው አንድ ፊደል ተራመደ ማለት ነው። በኢንች 10 ፊደል በሚጽፈው መኪና እርምጃው 2.54 ሚሊሜትር፣ 12 በሚጽፈው ደግሞ 2.12 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ሙት ቁልፍን ሙት የሚያደርገው የተጨመረበት ነገር ሳይሆን የተቀነሰበት ነው። የጋራውን ዘንግ የሚገፋው የክንዱ ተረከዝ ተቆርጧል። ክንዱ ይነሣል፣ ያትማል፣ ይመለሳል፤ ዘንጉ ግን ምንም አልሰማም። በፈረንሳይኛ መኪና አንድ ሙት ቁልፍ እንዲሁ ሲመታ ቆብ (^)፣ ከትልቁ ፊደል መቀየሪያ ጋር ሲመታ ሁለት ነጥብ (¨) እያተመ እነዚህን ምልክቶች ለሚይዙት አናባቢዎች ሁሉ ይበቃል። ያለዚያ እያንዳንዱ ምልክት ያለበት አናባቢ የራሱን ቁልፍ ይጠይቅ ነበር። ወደኋላ መመለሻ ቁልፍ ባልነበራቸው ብዙ የጥንት መኪናዎች ደግሞ ሠረገላውን በእጅ መልሶ መደረብ ግድ ነበር፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይቻላል፣ ሙሉ ገጽ ግን ያሰለቻል። በብዙ መኪናዎች ላይ ሌላም መላ አለ፦ የክፍተቱን ዘንግ፣ ማለትም በቃላት መካከል ባዶ ቦታ የሚተወውን ረጅም ቁልፍ፣ በአውራ ጣት ተጭኖ ይዞ ሁለቱን ቁልፎች መምታት። ዘንጉ እስኪለቀቅ ሠረገላው ቆሞ ይጠብቃል።

የአማርኛው ነገር ከዚህም ይብሳል። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይመጣል፤ ዲቃሎች፣ ቁጥሮችና ነጥቦች ገና አልተነኩም። 42 ቁልፍ ያለው መኪና፣ የእያንዳንዱ ቁልፍ ሁለቱም ምልክት ተቆጥሮ፣ 84 ምልክት ብቻ ያትማል። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደልን ቆራርጠው በመቀጠል ታይፕ የሠሩት በዚህ ጥበት ምክንያት ነው። ቅጥያ የሚሠራው ደግሞ ከሁለቱ ቁራጮች አንዱ ሠረገላውን ሳያራምድ ሲቀር ነው። ሉ፣ ቡ፣ ሱ፣ ኩ አንድ ጭረት ሊጋሩ ይችላሉ። ሩና ፉ ግን ጭረታቸው ዝቅ ይላል፣ ራብዕ አንዴ እግር ያስረዝማል አንዴ ያጥፋል፣ ሳድሱማ ሥርዓት የለውም። በዚያ ላይ ጭረቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚያርፈው፤ የፊደሉ ጎን እዚያ ካልደረሰ ክፍተት ይታያል፣ ካለፈው ይዋጣል። የታይፕ አማርኛ የተቀጣጠለ የሚመስለው በታይፒስቱ ስንፍና አይደለም።

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሙት ቁልፉን በቀላሉ ይፈትናል፦ አንድ ቦታ ላይ አሥር ጊዜ ይምታው። አንድ የጠቆረ ምልክት ከወጣ ደህና ነው። ምልክቱ ከተበተነ ሠረገላው እየተራመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ክንዱ ታጥፎ ዘንጉን መንካቱ፣ አለዚያም ጠጋኙ ከሌላ መኪና ተረከዝ ያለው ክንድ አምጥቶ መግጠሙ ነው። በቀስታ ሲመታ ቆሞ በኃይል ሲመታ ብቻ የሚዘል ከሆነ የምላሶቹ ማስተካከያ ከመልቀቂያው ነጥብ በጣም ተጠግቷል፣ ንዝረቱ ብቻ ያስለቅቀዋል። ክንዱን በሞረድ ከመንካት በፊት ይህንን ማጣራት ይሻላል፤ የተሞረደ ብረት አይመለስም።

ተቃራኒው ብልሽት፣ ማለትም ደህናው ቁልፍ ሙት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቆሻሻ ነው። ክንዶቹ የሚገቡበትን ስንጥቅ በቤንዚን በተነከረ ብሩሽ ማጠብ ይበቃል፤ ከእሳት ርቆ፣ መስኮት ከፍቶ። ዘይት እዚያ አይገባም፤ አቧራ ይይዝና በጥቂት ወር ውስጥ ክንዶቹን ያጣብቃል። ሁሉም ቁልፎች አንድ ላይ መራመድ ካቃታቸው ደግሞ ክንዶቹን ትቶ ዋናውን ሞላና ገመዱን ማየት ነው።