ቀሪ ክሎሪን ምንድን ነው? የተጣራ ውኃስ ታንከር ውስጥ ለምን ይበላሻል?

የውኃ ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠይቀው «የትኛው ማጣሪያ ይሻላል?» ብሎ ነው። ደህና ጥያቄ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ውኃው ከተጣራ በኋላ የት ይቆያል? ስንት ቀን? እዚያ ሲቆይስ ምን ይጠብቀዋል? ጣሪያ ላይ ሮቶ የሰቀለ የአዲስ አበባ ሰውም ሆነ አሜሪካ ውስጥ የመኝታ ትሬለር ከመኪናው ኋላ እየጎተተ ለሽርሽር የሚወጣ ሰው ችግራቸው ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም ውኃ ያጠራቅማሉ። ሁለቱም ሊያውቁት የሚገባው ነገር ቀሪ ክሎሪን ይባላል።

የከተማ ውኃ ከማጣሪያ ጣቢያ ሲወጣ ክሎሪን ይጨመርበታል። ክሎሪኑ መጀመሪያ እዚያው ያገኘው ላይ ይዘምታል። ባክቴሪያ ይገድላል፣ ከቅጠልና ከአፈር ብስባሽ ጋር ይዋሃዳል፣ የሟሟ ብረት ካለም እሱ ላይ ይባክናል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ውኃው ውስጥ የሚተርፈው ነው ቀሪ ክሎሪን። ለመንገድ የተቋጠረ ስንቅ በሉት። ውኃው በቧንቧ ሲጓዝ፣ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ፣ አዲስ ጀርም ሲገባበት የሚቋቋመው በዚህ ነው።

መጠኑ በጣም ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ውኃው ተጠቃሚው ቤት ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር እንዲኖረው ይመክራል። ከላይ ደግሞ 5 ሚሊ ግራም በሊትር ላይ ይገድበዋል። የአሜሪካ ሕግ 4 ላይ ያቆመዋል። አፍንጫችን ግን ከዚህ ብዙ ባነሰ መጠንም ይለየዋል። ስለዚህ ቧንቧ ሲከፈት የምትሸቱት ሽታ መርዝ አይደለም። እንዲያውም እኔን የሚያሳስበኝ ሮቶ ውስጥ ቀናት ቆይቶ ምንም የማይሸተው ውኃ ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ለከተማ የሚቀርብ ውኃ ላይ ክሎሪን በቋሚነት መጨመር የተጀመረው በ1908 እ.ኤ.አ. በጀርሲ ሲቲ ነው። ያስጀመረው ዶክተር ጆን ሊል የሚባል ሐኪም ነበር። ውኃ ላይ ኬሚካል መጨመሩ ያኔ አከራካሪ ነበር፤ ፍርድ ቤትም ቀርቦ ተከራከሩበት። ፍርዱ ግን ለክሎሪኑ ወጣ።

አሁን ወደ ማጣሪያው እንምጣ። ዝቃጭ የሚይዘው ነጭ ማጣሪያ አሸዋ፣ ዝገትና ደለል ያስቀራል፤ ክሎሪኑን አይነካም። ቀዳዳው 5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ከሆነ አብዛኛው ባክቴሪያ በዚያ ያልፋል፣ ስለዚህ ጀርም ይገድልልኛል ብላችሁ አትመኩበት። ባክቴሪያ ለመያዝ እንደ ጥሩ ሴራሚክ ያለ፣ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ቀዳዳ ያለው ያስፈልጋል።

የካርቦን ማጣሪያ ግን ጉዱ ሌላ ነው። ሥራው ሽታና ጣዕም ማስወገድ ነው። ያ ሽታ ማለት ደግሞ ክሎሪኑ ነው። ውኃው በካርቦኑ ሲያልፍ ቀሪ ክሎሪኑ እዚያው ያልቃል። ከማጣሪያው የሚወጣው ውኃ ይጣፍጣል፤ ወዲያው ከተጠጣም ምንም ችግር የለውም። ታንከር ውስጥ ገብቶ ከቆየ ግን ስንቁን ተቀምቶ ነው የሚቀመጠው።

ትሬለር ያላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የካምፕ ቦታ ሲደርሱ ቧንቧው ላይ የካርቦን ማጣሪያ ይገጥሙና በዚያ አሳልፈው ታንከሩን ይሞላሉ። ከዚያ ታንከሩ ፀሐይ ላይ ሁለት ሳምንት ይቆማል። ሲከፈት ውኃው ይገማል። «ማጣሪያው የማይረባ ነው» ይባላል፤ ማጣሪያው ግን ሥራውን በደንብ ሠርቷል። የሚሻለው ቦታውን ማቀያየር ነው። ታንከሩ ሲሞላ የዝቃጭ ማጣሪያውን ብቻ ተጠቀሙ፤ ክሎሪኑ አብሮ ይግባ። ካርቦኑን ወጥ ቤት ቧንቧው ጋ፣ ከመጠጣታችሁ በፊት ባለችው መጨረሻ ላይ አድርጉት። ትሬለሩን በቀጥታ ከካምፑ ቧንቧ ጋር አገናኝታችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ውኃው ታንከሩ ውስጥ ስለማይገባ ካርቦኑ የትም ቢሆን ለውጥ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥም ሮቶው መግቢያ ላይ ካርቦን የሚያስገጥም አለ። ምክሩ ለእሱም ያው ነው።

የአዲስ አበባው ጉዳይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው፤ ፈረቃ። ውኃ በጠፋ ጊዜ ቧንቧው ውስጥ ግፊት አይኖርም። ግፊት ከሌለ ደግሞ በተሰነጠቀው በኩል የውጭ እርጥበት ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ውኃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ድፍርስ የሚሆነውም የተኛው ዝቃጭ ተነቅሎ ስለሚመጣ ነው። ድፍርስ ውኃ ክሎሪን ይጨርሳል። የመጀመሪያውን ወደ ሮቶ ከማስገባት ወደ ባልዲ ብትቀዱትና ለወለል ማጠቢያ ብታውሉት ይሻላል። ሌሊት ሲመጣ በራሱ የሚሞላ ሮቶ ላይ ይህ አይመችም፣ አውቃለሁ። መግቢያው ላይ የዝቃጭ ማጣሪያ ማድረግ ግን ይቻላል።

ቀሪ ክሎሪን ከጊዜ ጋርም ይጠፋል። ሙቀት ያፈጥነዋል፣ ብርሃን ያፈጥነዋል፣ የታንከሩ ግድግዳ ራሱ ያፈጥነዋል። ለረጅም ጊዜ ያልታጠበ ሮቶ ካላችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን ከውኃው መስመር ከፍ ብሎ በጣታችሁ ዳበስ አድርጉት። ያዳልጣል። ያ የሚያዳልጠው ነገር ባክቴሪያ የሠራው ስስ ሽፋን ነው። አዲስ ውኃ በገባ ቁጥር ክሎሪኑ እሱ ላይ ያልቃል። ሮቶው ከታች ደለል ካለው ደግሞ ባሰ። ውኃ መውጫው ብዙ ጊዜ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ስለሚል ደለሉ አይታይም እንጂ አለ።

መፍትሔው ማጠብ ነው፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። ሽታ ማሳመሪያ የሌለበት፣ ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ በረኪና ለ1 ሊትር ውኃ 1 ሚሊ ሊትር ሲገባ ወደ 50 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። 150 ሊትር ለሚይዝ የትሬለር ታንከር 150 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ሁለት የቡና ሲኒ ገደማ። ለ1000 ሊትር ሮቶ 1 ሊትር። መጀመሪያ ደለሉን አውጡ፣ ግድግዳውን ፈትጉ። የካርቦን ማጣሪያውንም ፍቱት፤ አለበለዚያ በረኪናውን እሱ ይጨርሰዋል። ከዚያ ታንከሩን ሙሉና በረኪናውን ጨምሩ። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ፣ የሙቅ ውኃውንም፣ ሽታው እስኪመጣ እየከፈታችሁ ዝጉ። ሌሊቱን አሳድሩት፣ ጠዋት ድፉት፣ ሽታው እስኪቀንስ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት። ይህ ለማጠቢያ የሚሆን መጠን ነው፤ አይጠጣም። በረኪናን ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ለመጠጥ የሚሆነውን ግን በበረኪና በግምት ከማከም እንደ ውኃ አጋር ያለ ለዚሁ የተሠራ ነገር ገዝቶ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መከተል ይሻላል። ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ድፍርስ ከሆነ ቀድማችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ማፍላትም ጥሩ ነው፤ ጀርሙን ይገድላል። ክሎሪኑንም ግን አብሮ ያባርራል። ስለዚህ ፈልቶ ጀሪካን ውስጥ ለቀናት የተቀመጠ ውኃ መከላከያ የለውም። አንድ ሰው ያልታጠበ ኩባያ ከነከረበት ተበላሸ። አፉ ጠባብ የሆነ ዕቃ የሚመከረውም እጅና ኩባያ እንዳይገባ ነው።

ቀሪ ክሎሪን እንዳለ በአፍንጫ መገመት ይቻላል፣ በመለኪያ ግን ይረጋገጣል። ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውኃ ታደርጋላችሁ፣ ዲፒዲ የምትባለውን እንክብል ትጨምራላችሁ። ክሎሪን ካለ ውኃው ሮዝ ይሆናል፤ በደመቀ ቁጥር ብዙ ነው። ቀለሙን ከሰንጠረዡ ጋር ታስተያያላችሁ። ንጹሕ እንደሆነ ከቀረ ክሎሪኑ አልቋል። ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጡት ወረቀቶች ከፍ ላለ መጠን የተሠሩ ስለሆኑ 0.2ን ለመለየት አይመቹም።

ዋሽንግተን ዲሲና አርሊንግተን ላሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። የዚያ አካባቢ ውኃ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው የሚሠሩት። ከነፃ ክሎሪን፣ ማለትም ከአሞኒያ ጋር ካልተዋሐደው፣ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ሽታውም ለስላሳ ነው። በየጸደዩ ቧንቧዎቹን ለማጽዳት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ነፃ ክሎሪን ይመለሳሉ። «ውኃው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሸተው?» የሚባለው ያኔ ነው። በቀሪው ዓመት ግን ነፃ ክሎሪን ብቻ የሚለካ መለኪያ ከተጠቀማችሁ ዜሮ አካባቢ ሊያሳያችሁ ይችላል። አትደንግጡ፤ ጠቅላላ ክሎሪን፣ ማለትም ነፃውንም ክሎራሚኑንም አንድ ላይ የሚለካውን ግዙ።