የልጅነት ልምሻን በቤት ለቤት ጥናት መቁጠር፦ ድሬዳዋና ሐረር

የልጅነት ልምሻ ወይም ፖሊዮ በተበከለ ውሃ፣ ምግብና እጅ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው። ቫይረሱ ከያዛቸው 200 ልጆች እግሩ ወይም እጁ ለዘለቄታው የሚልመሸሸው 1 ገደማ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሳይታወቅባቸው ያልፋሉ። ከልምሻ ተጠቂዎች ውስጥም ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት መተንፈሻ ጡንቻቸው ሥራ እያቆመ ይሞታሉ። አንድ አንካሳ ልጅ በታየበት ቀበሌ ቫይረሱ ብዙ ደጃፍ ረግጧል ማለት ነው።

ፖሊዮ በሞቃት አገሮች ብዙ ልጅ አያሽመደምድም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። የእምነቱ ምንጭ የጤና ተቋማት መዝገብ ነበር፤ መዝገቡ ደግሞ የሚያውቀው ወደ ሐኪም ቤት የመጣውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በጋና ዳንፋ አካባቢ የተደረገ ጥናት ግን ለትምህርት ከደረሱ 1,000 ልጆች 7ቱ ገደማ በፖሊዮ ምክንያት እንደሚያነክሱ አሳየ። ውጤቱ ክትባቱ ከመገኘቱ በፊት ሀብታም አገሮች ካዩት ጉዳት የማያንስ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ አንካሳ ልጆችን መቁጠር የተለመደ ዘዴ ሆነ። እነዚያን ልጆች እናቶቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ሁልጊዜም ያውቋቸው ነበር፤ የጠየቃቸው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። መረጃ ሰብሳቢው በዕጣ የደረሰውን ቤት አንኳኩቶ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆችን ይመዘግባል፣ ሲራመዱ ያያል፣ የሚያነክስ ካለ ጤና ባለሙያ ይመረምረዋል። ፈተናው ምክንያቱን መለየቱ ላይ ነው። ቤተሰቡ «ምች መታው»፣ «ወድቆ ነው»፣ «መርፌ ከተወጋ በኋላ ነው» ሊል ይችላል፤ የመጨረሻውም በእርግጥ የሚሆን ነገር ነው፣ መቀመጫ ላይ ቦታ ስቶ የተወጋ መርፌ ነርቭ ይጎዳልና። የፖሊዮ ምልክት ግን የራሱ መልክ አለው፦ ከትኩሳት ጋር በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ፣ ብዙውን ጊዜ አንዱን እግር ከሌላው አብልጦ ያጠቃ፣ የላላና የቀጨጨ ጡንቻ፣ ንክኪን ግን የሚሰማ ቆዳ። ከልደት ጀምሮ ያለ ቆልማማ እግር ወይም አንጎል ተጎድቶ የተወጠረ እግር ከዚህ ይለያል። ትምህርት ቤት ብቻ ሄዶ መቁጠር ደግሞ ቁጥሩን ያሳንሳል፤ መራመድ የተሳነው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቤት ነው። የሞቱትን ማንም ቆጣሪ አያገኛቸውም፤ ስለዚህ ውጤቱ ወደ ላይ ይስተካከላል።

ድሬዳዋና ሐረር ላይ ሲደረስ ዘዴው ይቸገራል፤ ሕዝባቸው ጥቂት ነውና። በ2007 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ድሬዳዋ 341,834፣ የሐረሪ ክልል 183,415 ነዋሪ ነበራቸው። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሁለቱም ለብቻቸው ውጤት እንዲኖራቸው ከሕዝባቸው ብዛት አንፃር ሰፋ ያለ ናሙና ይወሰድባቸዋል። ያም ሆኖ ናሙናው 600 ልጆች ቢሆንና የአንካሶቹ ብዛት እንደ ዳንፋ ቢሆን፣ የሚጠበቁት 4 ልጆች ናቸው፤ በዕጣው ብቻ 1 ወይም 8 ሊወጣ ይችላል። ክትባት በሽታውን ባሳነሰበት ዘመን ደግሞ ዜሮ መውጣቱ የሚያስገርም አይደለም፣ ልጁ ግን ከሚቀጥለው አጥር ጀርባ ሊኖር ይችላል። በዚህ ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራና መጋላን፣ በዙሪያቸው ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች፣ ሐረር ላይ ጀጎልን ለማዳረስ መጠይቁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በሐረሪ መጠየቅ አለበት።

ጥናቱ የሚለካው ያለፈውን ነው፤ ዛሬ የሚሆነውን የሚይዘው ሌላ አሠራር ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ማንኛውም ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከላላ፣ መንስኤው ምንም ይሁን፣ ወዲያውኑ ሪፖርት ይደረጋል። ልምሻው በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ ሁለት የሰገራ ናሙና፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ተወስዶ፣ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቤተ ሙከራ ይላካል። ከ100,000 ልጆች በዓመት ቢያንስ 2 ከፖሊዮ ሌላ በሆነ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የላላ ልጆች ካልተገኙ፣ ፍለጋው ራሱ ደክሟል ተብሎ ይወሰዳል። 150,000 ልጆች ላሉት ከተማ ይህ ማለት በዓመት 3 ልጅ ብቻ ነው፤ አንዱ ቢያመልጥ ሚዛኑ ይዛባል። ጎረቤት በሆነው የሶማሌ ክልል በ2013 እና በ2014 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ 10 ልጆች በፖሊዮ መጠቃታቸው፣ በንግድና በዘመድ ጥየቃ ከዚያ ጋር ለተሳሰረችው ድሬዳዋ ጉዳዩን ሩቅ አያደርገውም።

ያው አገር አቀፍ የቤት ለቤት ጥናት ክትባትን ሲቆጥር ግን ብዙ ይናገራል። በ2016 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱ ከ12 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት በአገሪቱ 39 በመቶ፣ በድሬዳዋ 76፣ በሐረሪ 42 በመቶ ነበሩ። በአንድ መንገድ የተገናኙ ሁለት ጎረቤት ከተሞች ይህን ያህል መራራቃቸው ከማንኛውም የአንካሳ ቆጠራ ቀድሞ መታየት ያለበት ነው።

በሁሉም ቆጠራ የሚዘለሉት አዋቂዎቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ አካባቢ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ሲረጋገጥ፣ በልጅነታቸው የተጠቁት ገና በክራንች ይሄዱ ነበር። ከነሱም አንዳንዶቹን ከ15 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ አዲስ ድካምና የጡንቻ ሕመም ይይዛቸዋል። ስለ አካል ጉዳት የሚጠይቁ ጥናቶች «መራመድ ያስቸግርዎታል?» ይላሉ፣ ምክንያቱን ግን ብዙውን ጊዜ አይጠይቁም። ሁለት ጥያቄ ቢጨመርላቸው፣ ችግሩ በስንት ዓመትዎ ጀመረ፣ ትኩሳትስ ነበረው ወይ ቢባል፣ ለነዚህ ሰዎች ስንት የእግር ድጋፍና ስንት ተሽከርካሪ ወንበር እንደሚያስፈልግ መገመት ይቻላል።