ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ጥቁር መስኮት፦ ፓይተንን በዊንዶውስ ስለማስኬድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በላፕቶፗ ላይ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሦስት ጊዜ አጥፍታ ሦስት ጊዜ እንደገና ከጫነች በኋላ እርዳታ ፈልጋ መጣች። የተማሪዎችን ስምና ውጤት ከአንድ የጽሑፍ ፋይል አንብቦ አማካዩን የሚያሰላ፣ ሃያ መስመር የማይሞላ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ጽፋለች፤ ፋይሉን ደብል ክሊክ ስታደርገው ግን ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። «ፓይተኑ አይሠራም» ብላ ደምድማ ነበር። በዚህ ድምዳሜ የተሰናከለችው እሷ ብቻ ስላልሆነች፣ ጀማሪዎችን ሲያደናቅፉ ደጋግሜ ያየኋቸውን አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሣ።

«መስኮቱ ከጠፋ ፕሮግራሙ አልሠራም ማለት ነው»

ዊንዶውስ የፓይተን ፋይል ደብል ክሊክ ሲደረግ መስኮቱን የሚከፍተው ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲያበቃ መስኮቱም አብሮት ይዘጋል። ስለዚህ ሥራውን በቅጽበት አጠናቆ የወጣ ስክሪፕትና በሦስተኛው መስመር ላይ የወደቀ ስክሪፕት ለዓይን አንድ ናቸው። ብዙዎች መስኮቱን ለማቆየት ሲሉ በስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ «ኢንፑት» የሚለውን፣ ኢንተር እስኪጫን የሚጠብቅ ትእዛዝ ይጨምራሉ፤ ነገር ግን ስሕተቱ ከዚያ መስመር በፊት ከተፈጠረ ፕሮግራሙ እዚያ ስለማይደርስ፣ መላው የሚከሽፈው ልክ በሚያስፈልገን ጊዜ ነው። የሚሻለው ስክሪፕቱ ያለበትን ፎልደር ከፍቶ፣ ከላይ ባለው የአድራሻ ሳጥን ውስጥ ሲ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፎ ኢንተርን መጫን ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት፣ በዚያው ፎልደር ላይ ይከፈታል። ከዚያ ፒ እና ዋይ በሚሉት ሁለት ፊደላት የሚጻፈውን «ፓይ» የተባለ ትእዛዝ፣ ከእሱም ቀጥሎ የፋይሉን ስም መጻፍ በቂ ነው። ይህ መስኮት ስክሪፕቱ ሲያበቃ ስለማይዘጋ የስሕተት መልእክቱ ዓይናችን ሥር ይቆያል። መልእክቱን ከታች ጀምሮ ማንበብ ይጠቅማል፤ የመጨረሻው መስመር ምን እንደተፈጠረ፣ ከእሱ በላይ ያሉት ደግሞ የት እንደተፈጠረ ይናገራሉ።

«ትእዛዙ አልታወቀም ከተባለ ፓይተንን እንደገና መጫን ያስፈልጋል»

ተማሪዋን ሦስት ጊዜ ያደከማት ይህ ነው። ዊንዶውስ አንድ ትእዛዝ ሲሰጠው የሚፈልገው ፓዝ በሚባለው የፎልደሮች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ የተለመደው የፓይተን መጫኛ በመጀመሪያው ገጹ ግርጌ ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን ምልክት ካልተደረገባት በስተቀር የፓይተንን ፎልደር በዚያ ዝርዝር ውስጥ አይጨምርም። ሳጥኗን ሳይነኩ ደጋግሞ መጫን ያንኑ ውጤት ያመጣል። «ፓይ» የተባለው ትእዛዝ ግን ከፓይተን 3.3 ጀምሮ ከመጫኛው ጋር አብሮ ስለሚመጣና ዊንዶውስ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ስለሚቀመጥ፣ ብዙውን ጊዜ ሳጥኗ ተረስታም ይሠራል።

«ፓይተን ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል»

አይመጣም። በኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ፓይተን ብለን ስንጽፍ ማይክሮሶፍት ስቶር የሚከፈተው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወደ ስቶር የሚመራ አቋራጭ ስለተጨመረ ነው። ፓይተንን በትክክል የጫነ ሰውም ፓዙ ካልተስተካከለ ይህ አቋራጭ ሊቀድመው ይችላል፤ ከሴቲንግስ ውስጥ፣ ከአፖች ዝርዝር ሥር ማጥፋት ይቻላል።

«አዲስ ስሪት ለመጫን አሮጌውን ማጥፋት ግድ ነው»

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ስሪቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ከ«ፓይ» ቀጥሎ ሰረዝና የስሪቱን ቁጥር፣ ለምሳሌ 3.11ን፣ በመጻፍ የሚፈለገው ይመረጣል። መጠንቀቅ የሚገባው ላይብረሪ የሚባሉትን ተጨማሪ ዝግጁ ኮዶች በሚጭነው በፒፕ ላይ ነው። ፒፕ የሚጭነው ለአንድ ስሪት ብቻ ስለሆነ፣ «ላይብረሪውን ጭኜ ሳለ የለም ይለኛል» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ላይብረሪው ለሌላኛው ስሪት ተጭኖ ሲገኝ ነው። ፒፕን በቀጥታ ከመጥራት ይልቅ «ፓይ»፣ ሰረዝ ኤም፣ ከዚያ ፒፕ ብሎ በዚያው ትእዛዝ በኩል ማስኬድ ችግሩን ይፈታል። ዊንዶውስ 7 የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ የመጨረሻው የሚሠራላቸው ስሪት 3.8 መሆኑን ይወቁ፤ 3.9 እና ከዚያ በኋላ የወጡት አይጫኑላቸውም።

«ፓይተን በዊንዶውስ ላይ አማርኛ አይችልም»

ይህን አመለካከት ከሁሉም በላይ ማረም የምፈልገው፣ ሰዎችን ስማቸውን በላቲን ፊደል ወደ መጻፍ ስለሚገፋ ነው። ፓይተን 3 እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ጀምሮ ጽሑፍን ሁሉ የሚይዘው ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ነው፤ ለተለዋዋጮች እንኳ «ውጤት» ወይም «ድምር» ብሎ ስም ማውጣት ይፈቅዳል። ችግሩ የሚነሣው ፋይል ሲከፈት ነው። በየትኛው ኢንኮዲንግ (ፊደላትን ወደ ቁጥር የመቀየሪያ ሥርዓት) እንደሚያነብ ካልነገርነው፣ ፓይተን የኮምፒውተሩን የቋንቋ ቅንብር ይከተላል፤ ይህም በእንግሊዝኛ በተዋቀረ ዊንዶውስ ላይ ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት የተሠራው ኮድ ፔጅ 1252 ነው። ኖትፓድ ግን እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ አዲስ ፋይል የሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ-8 ነው፤ በዚህ አሠራር እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ያሉ ሦስት ቁጥሮች፣ ይወስዳል።

ተማሪዋ ፋይል ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። «አበበ» የሚለው ስም በኮድ ፔጅ 1252 ሲነበብ ስሕተት አይፈጥርም፤ የሚወጣው ግን ትርጉም የሌለው የዘጠኝ ምልክቶች ድርድር ነው። «ሳሙኤል» ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ምክንያቱም የ«ል» ሦስተኛ ባይት 141 ነው፣ በኮድ ፔጅ 1252 ውስጥ ደግሞ ለ141 የተመደበ ምልክት የለም። አንዱ የስም ዝርዝር ሠርቶ ሌላው እምቢ የሚለው በዚህ የተነሣ ነው። መፍትሔው ፋይሉን በሚከፍተው መስመር ላይ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ መጻፍ ነው፤ ከፓይተን 3.15 ጀምሮ ይህ መነሻ ቅንብር እንዲሆን ተወስኗል፣ እስከዚያው ግን መጻፉ የእኛ ድርሻ ነው።

ያቺን አንዲት መስመር አስተካክላ ስክሪፕቱን ስታስኬደው አማካዮቹ ተደርድረው ወጡ፤ በስሞቹ ቦታ ግን ባዶ ሳጥኖች ነበሩ። ደነገጠች። ይህ ግን የፓይተን ስሕተት አልነበረም፤ ከ3.6 ጀምሮ ፓይተን ወደ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚልከው ጽሑፍ ትክክለኛ ዩኒኮድ ነው፣ የአሮጌው መስኮት ፎንት ግን የግእዝ ፊደላትን አልያዘም። ያንኑ ስክሪፕት በአዲሱ የትእዛዝ መስኮት፣ በዊንዶውስ ተርሚናል ውስጥ ስታስኬደው ከ«አበበ» እስከ «ሳሙኤል» ሁሉም በፊደላቸው ተነበቡ።