ለወፍራም ምግብ የሚሆን ፓምፕ፦ ገዢም ሻጭም የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

አዳማ ላይ ምግብ ማቀነባበር የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ኦቾሎኒው ከባቢሌ ይመጣል፤ ቲማቲሙ ከአዋሽ ዳር፤ ማሩ ከባሌ። ወፍጮው ተገዝቶ፣ ታንከሩ ተበይዶ ካለቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ይሄን ወፍራም ነገር ከታንከር ወደ ማሸጊያው ምን ይውሰደው? በባልዲ እስከ መቼ ይሆናል? ያኔ ፓምፕ ይፈለጋል። ምክርም ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ችግሩ፣ አብዛኛው ምክር ከውሃ ፓምፕ ልምድ የመጣ መሆኑ ነው። ውሃ ላይ ትክክል የሆነ ብዙ ነገር ማር ላይ አይሠራም።

"ካልገፋ ሞተሩን ከፍ ማድረግ ነው"

ሁለት የፈረስ ጉልበት ካልቻለ ሦስት፣ ሦስት ካልቻለ አምስት ተኩል። እንዲህ ነው የሚባለው። በየሱቁ የምናየው የውሃ ፓምፕ ሴንትሪፉጋል ይባላል። ውስጡ ያለው ክንፍ በፍጥነት እየዞረ ፈሳሹን ወደ ዳር ይወረውራል። ይሄ እንዲሆን ፈሳሹ ቀጭን መሆን አለበት። የውፍረት መለኪያው ሴንቲፖይዝ ነው። ውሃ በ20 ዲግሪ 1 ገደማ ነው። ፈሳሹ ጥቂት መቶ ሴንቲፖይዝ ካለፈ የሴንትሪፉጋል ፓምፕ ጉልበት የሚያልቀው ምርቱን በማማሰልና በማሞቅ ነው። ማር እንደ እርጥበቱ ቢለያይም በ20 ዲግሪ 10,000 አካባቢ ይደርሳል። የኦቾሎኒ ቅቤ ከ100,000 በላይ ነው። እዚህ ላይ የሞተር መጠን መጨመር የመብራት ሒሳብ መጨመር ብቻ ነው።

የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት ፓምፕ ነው። በየዙሩ የተወሰነ መጠን አፍሶ የሚገፋ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር። ሎብ ፓምፕ አለ፤ ሁለት ተሽከርካሪዎቹ ሳይነካኩ ይዞራሉ። ሞኖ ፓምፕ አለ፤ ጠመዝማዛ ብረት በጎማ እጅጌ ውስጥ ይዞራል። መንትያ ስክሩ አለ፤ ሁለት ጠመዝማዛ ዘንጎች ጎን ለጎን ይዞራሉ። ቱቦውን ከውጭ እየጨመቀ የሚገፋው ፔሪስታልቲክም አለ። ሎብ ፓምፕ እንዲያውም ወፍራም ሲያገኝ ይሻለዋል። ቀጭን ፈሳሽ በክፍተቶቹ ሾልኮ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወፍራሙ ግን አይሾልክም።

"ፓምፑ ራሱ ይስበዋል"

ከሁሉም ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ፓምፕ አይስብም። የሚያደርገው በመግቢያው በኩል ያለውን ግፊት መቀነስ ነው። ምርቱን ገፍቶ የሚያስገባው ታንከሩ ላይ ያለው አየር ነው። የአየሩ ጉልበት ደግሞ ወሰን አለው። ባሕር ጠለል ላይ ውሃን 10.3 ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ይችላል። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ያለን 8.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወፍራም ምርት ቱቦ ውስጥ ሲጓዝ ይህችንም ይበላታል። የአቮካዶ ጁስ በቀጭን ስትሮ የሞከረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ጉንጭ ይደክማል እንጂ ጁሱ አይመጣም።

ታዲያ ፓምፑ በግማሽ እየሞላ ይዞራል። ይንኳኳል። ፍሰቱ ይቆራረጣል። "ፓምፑ ደካማ ነው" ተብሎ ፍጥነቱ ይጨመራል። ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ ይብሳል፤ ምርቱ ለመድረስ ያለው ጊዜ ያንሳላ!

መፍትሔው ያለው ከፓምፑ በፊት ነው። ፓምፑን ከታንከሩ ሥር አስቀምጡት። የመግቢያውን ቱቦ አሳጥሩት። የቱቦውን መታጠፊያ ቀንሱ። ከምንም በላይ ደግሞ ቱቦውን አስፉት። እንደ ማር ባለ ፈሳሽ የቱቦው የውስጥ ስፋት እጥፍ ሲሆን በመንገድ የሚጠፋው ግፊት ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ከአንድ ተኩል ኢንች ወደ ሁለት ኢንች መሄድ ብቻ እንኳ ወደ ሲሶ ገደማ ያወርደዋል። ለሰፊ ቱቦ የወጣ ብር ለትልቅ ሞተር ከወጣው የበለጠ ይሠራል። የኦቾሎኒ ቅቤ ግን በቱቦ ስፋት ብቻ አይረታም፤ በራሱ አይወርድማ። ለእሱ ከላይ ሰፊ አፍ ያለው፣ ውስጡ ምርቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋ ጠመዝማዛ ያለው መቀበያ ያስፈልጋል።

ማርን ማሞቅም ይረዳል። 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውፍረቱ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ ካበሰላችሁት ግን ኤችኤምኤፍ የሚባለው ንጥረ ነገር ይጨምራል። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ በኪሎ 40 ሚሊግራም ድረስ፣ ከሞቃት አገሮች ለሚመጣ ማር 80 ድረስ ነው የሚፈቅደው። ወደ ውጭ መላክ የሚያስብ ሰው ይሄን ቁጥር ያስታውስ።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። መደበኛ ሞተርም፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኢንቨርተርም የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ብዙ ኢንቨርተሮች በየ100 ሜትሩ ከአቅማቸው 1 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ። ብዙ አይደለም፤ ግን ልክ በልክ ለገዛ ሰው ያጥረዋል።

"ውፍረቱን በአንድ ቁጥር ንገሩኝ"

ሻጩ እንዲህ ካለ ቁጥሩን ስጡት፤ ግን እዚያ አታቁሙ። የቲማቲም ድልህን አስቡት። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ድርቅ ይላል፤ ሲገፉት ይላላል። አሁን መብራት ይሂድ። ቱቦው ድልህ እንደሞላ ይቆማል። መብራት ሲመጣ ፓምፑን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ጉልበት ሲሠራ ከሚፈልገው ይበልጣል። መብራት በሚሄድበት አገር ፓምፕ የሚመረጠው ለዚያች ለመነሻዋ ደቂቃ ነው።

እርጎ ላይ ስጋቱ ይገለበጣል። እርጎ በፍጥነት ከተመታ ይሰበራል፤ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ዕቃው ውስጥ አጓት ያቀርራል። ለእሱ ትልቅ ፓምፕ ገዝቶ በዝግታ ማዞር ነው የሚያዋጣው። ፍሬ ያለበት ማርማላታ ከሆነ ደግሞ የፓምፑ ውስጥ ክፍተት ከትልቁ ፍሬ መስፋት አለበት። አለበለዚያ የሚወጣው ጭማቂ ነው።

"ማግኔት ካልያዘው አሪፍ ስቴንለስ ነው"

ማግኔት በኪስ ይዞ የሚዞር ገዢ አለ። ጥንቃቄው ጥሩ ነበር። ግን 304ም 316ም የሚባሉት ጥሩ የስቴንለስ ዓይነቶች በተለምዶ ማግኔት አይዙም፤ ዝገት የሚፈራው ርካሹ 201ም እንደዚያው። በሌላ በኩል ቀልጦ የተቀረጸ ትክክለኛ 316 የፓምፕ አካል ትንሽ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ማግኔቱ በሁለቱም በኩል ይዋሻል። አሲድና ጨው ላለበት እንደ ድልህና አዋዜ ላለ ምርት 316ኤል ይመረጣል። ማረጋገጫው የብረቱ የምርመራ ወረቀት ነው።

ማብረቅረቁም ብቻውን ንጽሕና አይደለም። ከምግብ ጋር የሚገናኘው ገጽ ሻካራነቱ ከ0.8 ማይክሮሜትር እንዳይበልጥ ነው የተለመደው መስፈርት። ይልቅ ፓምፑን አስፈትታችሁ ውስጡን እዩ። ጥርስ ያለው ብሎን ምግቡ ውስጥ ገብቷል? ምርት የሚተኛበት ጥግ አለ? ብየዳው ተስተካክሏል? ውጪው እንደ መስታወት ሆኖ ውስጡ ጉድ የሆነ ፓምፕ ሞልቷል።

"ጎማ ጎማ ነው"

አይደለም። ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ሙቅ ውሃንና ሳሙናን በደንብ ይችላል። ዘይት ሲነካው ግን ያብጣል። ኦቾሎኒ ደግሞ በክብደቱ ግማሽ ገደማው ዘይት ነው። ስለዚህ ለኦቾሎኒ ቅቤ ለምግብ የተፈቀደ ናይትራይል ጎማ ጠይቁ። ሞኖ ፓምፕ የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩበት። ባዶውን ከዞረ ጎማው በአጭር ጊዜ ይቃጠላል፤ ፍርፋሪውም ምርቱ ውስጥ ይገባል። መድረቁን አይቶ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ይኑረው።

"በፈላ ውሃ ማጠብ ይበቃል"

መጀመሪያ ነገር፣ አዳማ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ወይም 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሁለተኛ፣ ወተት ነክ ነገር ላይ ገና ከጅምሩ የፈላ ውሃ ከደፋችሁ ፕሮቲኑ ብረቱ ላይ ይጋገራል። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ይለቅለቅ፤ ቀጥሎ ኮስቲክ ሶዳ፣ ከዚያ አሲድ፤ በየመሃሉ ውሃ። ሳይፈታ ለማጠብ ደግሞ ውሃው ቱቦው ውስጥ በሰከንድ 1.5 ሜትር ያህል መሮጥ አለበት። ሎብ ፓምፕ ለውሃ ይህን ፍጥነት አይሰጥም። ለማጠቢያ የራሱ ሴንትሪፉጋል ፓምፕና በጎን የሚያልፍ ቱቦ ያስፈልጋል። መንትያ ስክሩ ሁለቱንም ይሠራል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል።

የኦቾሎኒ ቅቤ ላይ ጨዋታው ሌላ ነው። ውሃ ራሱ ጠላት ነው። ሳልሞኔላ በደረቅና ቅባታም ምግብ ውስጥ ሳይራባ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ማሽኑ ውስጥ የቀረች ውሃ ግን እንዲራባ ዕድል ትሰጠዋለች። ስለዚህ በመፋቅ፣ በደረቅ ጨርቅና በሙቅ ዘይት ነው የሚጸዳው። የግድ በውሃ ከታጠበ እስከ መጨረሻው ሳይደርቅ ሥራ አይጀመርም።

"ፍሰቱን በቫልቭ እቀንሰዋለሁ"

በውሃ ፓምፕ ይሆናል። ወፍራም በሚገፉት በእነዚህ ፓምፖች ግን በፍጹም። መውጫው ሲጠብ መግፋታቸውን አይተዉም፤ ቱቦ ይፈነዳል ወይም ዘንግ ይሰበራል። ፍሰት የሚቀነሰው በኢንቨርተር ፍጥነት በመቀነስ ነው። ግፊት ሲበዛ የሚከፈት ቫልቭም ግድ ነው። ቅባቱም ለምግብ ማሽን የተፈቀደው፣ ኤች1 የተጻፈበት ይሁን። የመኪና ግሪስ አይሆንም።

"መለዋወጫ በኋላ ይደርሳል"

ማርና ማርማላታ የዘንጉ ማሸጊያ (ምርቱ በዘንጉ ዙሪያ እንዳያፈስ የሚከለክለው ሲል) ላይ ሲደርቁ ስኳሩ ይጠጥራል። ፓምፑ ጠዋት ሲነሳ ማሸጊያውን ይፍቀዋል። ለእነዚህ በመሃሉ ውሃ የሚያልፍበት ድርብ ማሸጊያ ይመረጣል። እሱም ቢሆን ያልቃል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ደግሞ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ከፓምፑ ጋር አብራችሁ ቢያንስ ሁለት ማሸጊያ፣ ሞኖ ከሆነ ደግሞ አንድ ትርፍ ጎማ እዘዙ። የክፍሎቹን ቁጥር የያዘ ዝርዝር ሳትቀበሉም ቀሪውን ክፍያ አትፈጽሙ።