ሰሙ መቼ ብቅ ይላል? የድፍድፍ ነዳጅ መደፍረሻ ሙቀት

በኅዳር ጠዋት 4 ኪሎ አካባቢ ሱቅ ገብታችሁ የሚረጋ ዘይት ጠይቁ። ባለሱቁ ጀሪካኑን ይዘቀዝቀዋል፤ ዘይቱ ንቅንቅ አይልም። «ትንሽ ፀሐይ ያግኘው» ይላችኋል። ዘይቱ ሌሊት ከመርጋቱ በፊት ግን መጀመሪያ ደፍርሷል። የነዳጅ ሰዎች የሚፈልጉት ይህችን የመደፍረሻ ሰዓት ነው።

ድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ የሚረጋው ስብ ሳይሆን ፓራፊን ሰም ነው፤ ሻማ የሚሠራበት ዓይነት። ነዳጁ ሲሞቅ ሰሙ ሟሙቶ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ የመጀመሪያዎቹ ቅንጣቶች የሚወጡበት ሙቀት የመደፍረሻ ሙቀት ይባላል። ነዳጁ ጭራሽ አልፈስም የሚልበት ሙቀት ሌላ ነው፤ ከዚህ ዝቅ ይላል። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

ለናፍጣ ሥራው ቀላል ነው። ኤኤስቲኤም በተባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ድርጅት ዲ2500 ደንብ ናሙናው በብርጭቆ ዕቃ እየቀዘቀዘ በየ1 ዲግሪው ይታያል። ታች ላይ ነጭ ጉም ሲታይ ቴርሞሜትሩ ይነበባል። ደንቡ ግን በ40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብርሃን ለሚያሳልፍ ነዳጅ የተጻፈ ነው። ድፍድፍ ደግሞ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው፤ ጉሙን ማን ያየዋል?

ስለዚህ በሌላ መንገድ ይሞከራል። አንዷን ጠብታ ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ባለው ማይክሮስኮፕ ሥር ቀስ እያሉ ያቀዘቅዟታል። ጨለማው መሃል ብልጭ የምትለው ነጥብ ሰም ናት። ሰም ሲረጋ የሚለቀውን ሙቀት በካሎሪሜትር የሚለኩም አሉ። ነዳጁ ድንገት መወፈር የሚጀምርበትን ሙቀት የሚከታተሉም አሉ። ውጤቶቹ በጥቂት ዲግሪ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ዘዴው ያልተጻፈበት ቁጥር እኔ አላምንም።

ትልቁ ጣጣ ግን መሣሪያው ሳይሆን ናሙናው የሚመጣበት ጣሳ ነው። ናሙናው መንገድ ላይ ከቀዘቀዘ ሰሙ ታች ይዘቅጣል። ከላይ የቀዳ ሰው ሰም ያነሰውን ይለካል፤ ቁጥሩም ዝቅ ብሎ ይወጣል። ጣሳው መጀመሪያ እንደተከደነ ይሞቃል፣ ብዙ ጊዜ እስከ 80 ዲግሪ፤ ከዚያ በደንብ ይናጣል። ክዳኑ ከተከፈተ ቀላሉ ክፍል ተንኖ ይሄዳል፤ የቀረው ሌላ ነዳጅ ነው።

የአካባቢያችን አገሮች ነዳጅ ሰም የበዛበት ነው። የደቡብ ሱዳኑ ዳር ብሌንድ አንዱ ነው። የዩጋንዳውም እንዲሁ፤ ወደ ታንዛኒያው ወደብ ታንጋ የሚወስደው 1,443 ኪሎ ሜትር ቧንቧ እየሞቀ እንዲሠራ የታቀደው ለዚህ ነው።

መርከብ ላይ ደግሞ የታንኩ ግድግዳ በባሕሩ ውሃ ይቀዘቅዛል። ጭነቱ መሃል ላይ ሞቆ ሳለ ሰሙ ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። ታንኩን በራሱ ድፍድፍ ሲያጥቡትም የሚረጨው ነዳጅ ከመደፍረሻው በደንብ ካልሞቀ ሰም በሰም ላይ መደረብ ነው። ሻጭ ጫንኩ ያለውና ገዢ ተቀበልኩ ያለው በርሜል አልገጥም ሲል፣ አንዳንዴ የጎደለው እዚያው ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ነው።