የሜካኒካል ሲፒአር መሣሪያዎች

የሜካኒካል ሲፒአር መሣሪያዎች በሲፒአር፣ ማለትም ልቡ ለቆመ ሰው በሚሰጠው የነፍስ አድን እርዳታ፣ የሚደረገውን የደረት ግፊት በሰው እጅ ፈንታ የሚያከናውኑ ማሽኖች ናቸው። ደረትን ከውጭ በመጫን ደምን ማዘዋወር እንደሚቻል ተመራማሪዎቹ ኩዌንሆቨን፣ ጁድ እና ኒከርቦከር እ.ኤ.አ. በ1960 ካሳወቁ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በጋዝ ግፊት የሚሠሩ ፒስተኖች መጡ።

ዛሬ የታወቁት ሁለት ዓይነት ናቸው። በስዊድን ሉንድ የተሠራው ሉካስ ጫፉ ላይ የጎማ መምጠጫ ባለው ፒስተን ደረትን በደቂቃ 102 ጊዜ፣ 5.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጫናል። ቀድሞ በታመቀ አየር ይሠራ ነበር፤ አሁን በባትሪ ሲሆን አንዱ ባትሪ 45 ደቂቃ ያህል ይቆያል። አውቶፐልስ ደግሞ ደረቱን በሰፊ ቀበቶ ጠምጥሞ በደቂቃ 80 ጊዜ ይጨምቃል።

የሉካስ ፈተናው አገጣጠሙ ላይ ነው። የለመደ ቡድን ሥራውን የእጅ ግፊቱ ለአፍታ በሚቆምባቸው ሁለት አጫጭር እረፍቶች ይከፍለዋል፤ አንዱም ከ10 ሰከንድ ማለፍ የለበትም። በመጀመሪያው የጀርባ ሰሌዳው ከብብት ዝቅ ብሎ ይገባና እጅ ወዲያው ወደ ደረት ይመለሳል። በሁለተኛው የማሽኑ እግሮች ከሰሌዳው ጋር ይቆለፋሉ፤ ቀጭ ካሉ በኋላ ሳብ አድርጎ መያዛቸውን ማረጋገጥ ግድ ነው። ከዚያ መምጠጫው በሁለት ጣት ይወርዳል፣ የታችኛው ጠርዙ ከደረት አጥንቱ ጫፍ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ መነሻ ቦታው በቁልፍ ይጸናል። የመተንፈሻ ቱቦ ካልገባ 30 ግፊት ለ2 ትንፋሽ፣ ከገባ ያለማቋረጥ።

መምጠጫውን ሲያወርዱ ደረቱን አስቀድሞ መጫን ስህተት ነው፦ ደረቱ ተመልሶ ስለማይነሳ ልብ በደም አይሞላም። የአንገት ማሰሪያው ከተረሳ ማሽኑ ወደ ሆድ ይንሸራተታል፤ ጉበትና ጣፊያ የሚጎዱት ያን ጊዜ ነው። ደረት ላይ የቀረ ጄል መንሸራተቱን ያባብሰዋል። ስለዚህ የመምጠጫውን ዙሪያ በእስክሪብቶ ቆዳው ላይ ማስመርና በየጊዜው ማየት ይበጃል። የዲፊብሪሌተሩ (ለልብ የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጠው መሣሪያ) ፓድና ሽቦ ከመምጠጫው ሥር መግባት የለባቸውም። ደረቱ ከልክ በላይ ትንሽ ወይም ትልቅ ከሆነ ማሽኑ አይገጥምም፤ ያኔ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ እጅ መመለስ ነው።

ማሽኑ ከእጅ ይበልጣል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ሊንክ የተባለ ጥናት 2,589 ታማሚዎችን መርምሮ ከአራት ሰዓት በኋላ በሕይወት የተገኙት በማሽን 23.6፣ በእጅ 23.7 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ፓራሜዲክ የተባለ ጥናትም በ4,471 ታማሚዎች ላይ ብልጫ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የአውቶፐልስ ጥናት ግን ውጤቱ በማሽኑ በኩል የባሰ ሆኖ በመገኘቱ ቀድሞ ተቋርጧል፤ አንዳንዶች ምክንያቱ የአገጣጠም መዘግየት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በአግባቡ የሠለጠነ፣ በየሁለት ደቂቃው የሚቀያየር ቡድን እጅ እንግዲህ የሚናቅ አይደለም። መመሪያዎችም ማሽኑን ለሁሉም ሰው አያዙም፤ እጅ ለሚቸገርበት ቦታ ይተዉታል፦ ለሚሄድ አምቡላንስ፣ የልብ ደም ሥር ለሚከፈትበት ክፍል፣ ለረጅም ሲፒአር።