ፍላጎቱ ብዙ ለሆነ ተማሪ የብሪታንያ የመጀመሪያ ዲግሪ

እንግሊዝ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የትምህርት ክፍሉን የሚመርጠው ግቢ ከገባ በኋላ ሳይሆን ማመልከቻውን ሲሞላ ነው። ሕግ ብሎ ያመለከተ ከመጀመሪያው ሳምንት ሕግ ይማራል። እኛ አገር እንዳለው ዓይነት የጋራ ኮርሶች የሚወሰዱበት የመጀመሪያ ዓመት በአብዛኛው የለም፤ ዲግሪው በሦስት ዓመት የሚያልቀውም አንድም በዚህ ነው። አብዛኛው የአገሬው ተማሪ ደግሞ ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለ፣ ኤ-ሌቭል በሚባለው የመሰናዶ ትምህርት፣ ትምህርቱን ወደ ሦስት አጥብቦ ነው የሚመጣው።

ታሪክም ፊዚክስም የሚወድ ልጅ የሚጨነቀው የዩካስን ቅጽ ሲከፍት ነው። ዩካስ የዩኒቨርሲቲዎቹ የጋራ የማመልከቻ ማዕከል ሲሆን እስከ አምስት ምርጫ ይፈቅዳል። ስለ ራስ የሚጻፈው ማብራሪያ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታው ሳይቀር ተቆጥሮ ከ4,000 ፊደል አያልፍም፤ አምስቱም ዩኒቨርሲቲዎች ያንኑ ያነባሉ። ሁለቱን ምርጫ ለታሪክ፣ ሦስቱን ለፊዚክስ ያደረገ ተማሪ አንዱን ወገን ቅር ማሰኘቱ አይቀርም። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ላይ በአንድ ዓመት ማመልከትም በአብዛኛው ክልክል ነው።

ስኮትላንድ ሌላ ዓለም ነው። ዲግሪው አራት ዓመት ይፈጃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሰፋ ያሉ ናቸው። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲን ብንወስድ ዓመቱ 120 ክሬዲት ነው፤ ብዙዎቹ ኮርሶች ባለ 20 ናቸው። ፍልስፍና ብሎ የገባ ተማሪ ከስድስቱ ኮርሶች ጥቂቱን ከሌላ ክፍል፣ ለምሳሌ ከኢኮኖሚክስ ወይም ከቋንቋ፣ ሊወስድ ይችላል። በኤድንብራ፣ በግላስጎው፣ በአበርዲንና በሴንት አንድሩስ የሥነ ጥበባትና የማኅበራዊ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ «ኤም ኤ» ይባላል፤ ማስተርስ እንዳይመስላችሁ፣ የቆየ ልማድ ነው።

እንግሊዝም ጨርሶ በሯን አልዘጋችም። ኦክስፎርድ ፍልስፍናን፣ ፖለቲካንና ኢኮኖሚክስን ከ1920ዎቹ ጀምሮ አጣምሮ ያስተምራል፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ አንዱን መተው ይችላል። የካምብሪጅ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ አንደኛ ዓመት ላይ ሦስት ሳይንሶችን ከሒሳብ ጋር ይወስዳል። በ1949 የተመሠረተው ኪል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ትምህርት አጣምሮ በማስተማር ስም ያተረፈ ነው። የለንደኑ ዩ ሲ ኤልም በ2012 ጥበባትንና ሳይንስን ያቀላቀለ ዲግሪ ጀምሯል። በብዙ ቦታ የሚገኘው «ጆይንት ኦነርስ» የሚባለው ጥምር ዲግሪ ግን ጥንቃቄ ይሻል፦ ሁለቱ ክፍሎች ካልተናበቡ የሁለቱም የጽሑፍ ሥራ በአንድ ሳምንት ይደራረባል።

የስኮትላንዱ ወጪ ከባድ ነው። የውጭ አገር ተማሪ ለአራተኛው ዓመት ሙሉ ክፍያና የኑሮ ወጪ ይጨምራል። ቢሆንም ምርጫው ላልለየለት ልጅ ስኮትላንድ፣ እንግሊዝ ገብቶ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ከዜሮ ከመጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ምርጫውን ለለየ ግን ሦስቱ ዓመት ይበቃዋል። ከስሙ በፊት መታየት ያለበት በየዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ የሚወጣው የኮርስ ዝርዝር ነው፤ በየዓመቱ ስንቱ ግዴታ፣ ስንቱ ምርጫ እንደሆነ እዚያ ተጽፏል።